ለግራዝማች ያኖርኩት ጨው

ዓርብ፣ ጥር 4 ቀን 65። ጠዋት።

እግሬ የለም። ማለቴ አለ፣ ግን አይሰማኝም። የጭላሎ ውርጭ ለቦት ጫማ ደንታ የለውም። ቱሉ ከኋላዬ ቀስ እያለ ይወጣል። እንደ እኔ የዱር አውሬ ጥበቃ ዘበኛ፣ የቅኝት ጓደኛዬ ነው፤ አይናገርም፤ ከተናገረም ስለ ጉልበቱ ነው። ለሁለታችንም የማወራው እኔ ነኝ። መ/ቤቱ ለዚህ ቢጨምርልኝ አልጠላም።

(መ/ቤት ማለት መሥሪያ ቤት ነው፣ ደብተሬ። ማሳጠር የተማርኩት በዚህ ሳምንት በማታ ትምህርት ነው። መምህሩ መስመርህ ዳገት ይወጣል አሉኝ። ዳገት መውጣት ሥራዬ ነው አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ማርክ አልጨመሩም።)

አፋፉ ላይ ስንደርስ ቱሉን በመዳፌ አቆምኩት። ሁለት ጣቴን አፌ ከትቼ አፏጨሁ። ዝም። ደግሜ አፏጨሁ። ከአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ መጀመሪያ ሴቶቹ ብቅ አሉ። ከዚያ እሱ።

ግራዝማች። ከደጋ አጋዘኖቹ ሁሉ ትልቁ። ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የግራው ጫፍ ተሰብሯል። ማዕረጉን የሰጠሁት በዚያ ነው። የውጭ አገር ሰው እሱን ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ሳምንት አድፍጦም ጭራውን ሳያይ ይመለሳል። እኔ እንደ ዶሮ እጠራዋለሁ።

ቱሉ አፉን ከፈተ። ጉልበቱን ረሳ።

ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ደብተሬ፣ አንተ አፍ የለህም። ፉጨቱ አይደለም። ጨው ነው። ከአፋፉ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሞሌ ሰብሬ አኖራለሁ። ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ነው፤ ከአ/አ አንድ ትልቅ ሹም መጥተው አጋዘን ካላየሁ አልመለስም አሉ። እኔም አፌ ቀደመኝ፤ በፉጨት እጠራልዎታለሁ አልኩ። ካልኩ በኋላ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ። አገኘሁ። ሹሙ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ስሜ በመ/ቤቱ «ባለ ፉጨቱ» ነው። ስም ደግሞ እንደ ከብት ነው፣ መቀለብ ይፈልጋል።


እሑድ፣ ጥር 6።

አስካለ አሞሌውን ከካፖርቴ ኪስ አወጣችው። ላም የለን፣ በሬ የለን። ያለን አንድ አውራ ዶሮ ነው፣ እሱም ጨው አይልስም። ለማን ነው አለች። የመንግሥት ምሥጢር ነው አልኳት። መንግሥት ከእኔ ጓዳ ነው እንዴ ጨው የሚበደረው አለች። ሚስቴ ናት፤ በአፍ የምትረታኝ እሷ ብቻ ናት።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወጣሁ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ የኦቦ ሁሴን ከብቶች ከበው ቆመዋል፣ ይልሳሉ። እሱ ዱላውን ተደግፎ እኔን ያያል። ተያዝኩ።

ኦቦ ሁሴን ከጥበቃው ክልል በታች ነው የሚኖረው። የባላባቱ ጢሰኛ ነው፤ አባቱም እዚያው ላይ ጢሰኛ ነበር። ዝናብ ሲይዘን የምንጠለለው እሱ ቤት ነው። ወተት ሳንጠጣ አያስወጣንም። ከብቶቹን ከክልሉ አስወጣ ብዬ ስቆጣው እሺ ይላል፣ ያስወጣል፤ ስሄድ ይመልሳል። ሁለታችንም እናውቃለን።

«ያ ጌታነህ፣» አለ፣ «ፉጨትህ ሶጊዳ ሶጊዳ ይላል።» ሶጊዳ በእነሱ ቋንቋ ጨው ነው። ከዚያ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። በእናትህ ለሰው አትንገር አልኩት። ዋላሂ አልናገርም አለ። በአንድ ነገር ብቻ። ጥቁሩ ወይፈኑ ማታ ማታ ወደ ቤት አልገባ ብሎታል፤ ለእሱም አፏጭለት አለኝ። እዚያው ቆሜ አፏጨሁ። ወይፈኑ ጀርባውን አዞረ። ኦቦ ሁሴን ዕንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ምሥጢር የሚጠብቅ ሰው ከአጋዘን ይበልጥ ብርቅ ነው።


ቅዳሜ፣ ጥር 12። የቃና ዘገሊላ።

ራሴን ያመኛል። ትናንት ታቦት ከሸኘን በኋላ ጠጅ ቤት ገባን። እኔ ብርሌ ስይዝ ምን እንደምሆን ታውቃለህ። ማለት አታውቅም፤ አዲስ ነህ።

እዚያ አቶ ሰይፉ የሚባል ሰው ነበረ። የባላባቱ የእህት ባል፣ ለጥምቀት ከአ/አ በላንድሮቨር የመጣ። ቆዳ ጃኬት። ፈገግ ሲል የወርቅ ጥርስ። ስለ አጋዘን ጠየቀኝ። አወራሁ። እኔ ባለሁበት ጭላሎ ላይ ቅጠል አይወድቅም አልኩ። አውሬው ያውቀኛል፣ በፉጨት ይመጣል አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ውሸታም ለመሆን ዘበኛ መሆን አያስፈልግም ነበር፣ ከተማ ውስጥም ሥራ ይገኝልህ ነበር አለኝ።

ይህ ነገር እዚህ፣ ደረቴ ላይ ወጋኝ። ሰኞ ና፣ በዓይንህ ታያለህ አልኩት። ጠመንጃ ይዘህ አትምጣ እንጂ ና። ካሜራ ብቻ ነው የምይዘው አለ። ሳታሳየኝ እንዳትቀር ብሎም አስማለኝ።

ስመለስ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ዛሬ ስንት አንበሳ ገደልክ አለችኝ።


ሰኞ፣ ጥር 14።

መጣ። በእርግጥም ካሜራ ብቻ ነው የያዘው፤ ጃኬቱንም ገልጦ አሳየኝ። ቱሉ ጉልበቴ ብሎ ከታች ቀረ። ጨዉን ትናንት ማታ አኑሬያለሁ። አሳምሬ።

አፏጨሁ። ግራዝማች ወጣ። እንደዛሬ ቀርቦ አያውቅም። ፀሐይ ጀርባው ላይ ወርዳ ነጫጭ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ካሜራው ቀጭ ቀጭ አለ፤ ግራዝማች ጆሮውን ብቻ አዞረ። አቶ ሰይፉ ይቅርታ ጌታነህ፣ ውሸታም አይደለህም አለኝ። ሲጋራ ጋበዘኝ። እኔ ሲጋራ ሳይሆን ሙሉ በግ የተጋበዝኩ ያህል ሆንኩ።

ከዚያ ጠየቀኝ። ሰው ምን ያህል ቢጠጋው ነው የሚሮጠው? በየትኛው ሰዓት ይመጣል? አንተ ከሌለህስ?

እኔ ሁሉንም መለስኩ። ሲጋራህን ከእሱ ላይ ልትለኩስ ትችላለህ አልኩት። ማለዳ ነው፣ ፀሐይ እዚያች ጅብራ ላይ ስትደርስ አልኩት። በእጄ አሳየሁት። እኔ ብኖርም ባልኖርም አይቀርም አልኩት።


ረቡዕ፣ ጥር 16።

ቱሉ ዛሬ ተናገረ። ስለ ጉልበቱ አይደለም። አውሬ ሰውን መፍራት ካቆመ መፍራት የሚያቆመው አንተን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ነው አለ። ቀናህ አልኩት። አልቀናሁም፣ እኔ የምጠብቀው እንዲሸሽ ነው አለ።

ቀኑን ሙሉ አልተነጋገርንም። ማለት እኔ አልተናገርኩም፤ እሱማ ድሮም።

ምሳዬን ለብቻዬ በላሁ። ደርቆሽ ነበር።  እንዲሸሽ። ይህን ቃል ምን ብዬ እመልሰዋለሁ እያልኩ ዋልኩ። 


ሰኞ፣ ጥር 21። ማታ።

 በሥርዓት ልጻፍ።

ትናንት አለቃችን ሻ/ባሻ ደምሴ ሁለታችንንም ወደ ሁሩታ በኩል ላኩን። እዚያ አስታ ይቃጠላል፣ እሳቱን አይታችሁ አጥፉ አሉ። ሄድን። ምንም አልተቃጠለም። ጭስ እንኳን የለም። ያየነው ገበሬ ሁሉ የምን እሳት ነው አለን። ቱሉ አየኝ። እኔ ሳቅሁ። ሻ/ባሻው አርጅተው የማድቤት ጭስ አይተው ነው አልኩ። እዚያው አደርን።

ዛሬ ረፋድ ላይ ስንመለስ ጥንብ አንሳ ሰማዩ ላይ ይዞራል። ከአፋፉ በላይ። ልቤ ቀድሞኝ ሮጠ።

ግራዝማች ድንጋዩ ሥር ተኝቷል። ጥይቱ ከትከሻው ኋላ ነው የገባው። አልሮጠም። አንድ እርምጃ እንኳን አልሮጠም፣ ኮቴው ያለው እዚያው ነው። ጭንቅላቱ ከነቀንዱ ተቆርጦ ተወስዷል። ሥጋው አልተነካም። ምላሱ ድንጋዩ ላይ የላሰበት እርጥበት ገና አልደረቀም ልል ነበር፤ ውሸት ነው፣ ደርቋል። ዛሬ ልዋሽ አልችልም።

ኦቦ ሁሴን አጠገቡ ቆሟል። በዱላው ጥንብ አንሳ ሲያባርር ነው የቆየው። ማለዳ ተኩስ ሰምቶ ነው የወጣው፤ የመኪና ድምፅም ሰምቷል። ጌታነህ እስኪመጣ ማንም አይንካው ብሎ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔን ነበር የሚጠብቀው፣ ደብተሬ። ቀድመውኝ የደረሱት ግን ሻ/ባሻው ናቸው፣ ከሁለት ፖሊሶች ጋር።

ፖሊሱ ድንጋዩ ላይ የቀረውን ጨው በጣቱ ነክቶ ቀመሰ። ይህን ያስቀመጠው ከብት ያለው ሰው ነው አለ። አስለምዶ ነው የገደለው፣ ቀንዱን ሊሸጥ። ሁሉም ወደ ኦቦ ሁሴን ዞሩ። ከብት ያለው እሱ ነዋ። ጠመንጃ የለኝም አለ። ደብቀኸዋል አሉት። እኔ ብገድል አርጄ እበላው ነበር፣ ይሄ አንገቱ ሳይባረክ የሞተ ነው አለ። ዝም በል አሉት።

ቱሉ ሣር ውስጥ ቀለህ አገኘ። የምንሽር አይደለም፣ ረዥምና አዲስ ነው። ለሻ/ባሻው ሰጣቸው። ኪሳቸው ከተቱት። ስለ ቀለሁ ከዚያ ወዲያ ምንም አላሉም።

ከዚያ ሻ/ባሻው እዚህ ጨው የሚያስቀምጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔን።

ኦቦ ሁሴን አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። እንዳየኝ እንዳያዩ ነው ያነሳው። መሬት መሬቱን እያየ ከብት ጨው ይወዳል አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እኔ አላየሁም አልኩ።

እጁን በጠፍር አሰሩት። እጄ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። የጨው ፍርፋሪ ጥፍሬ ሥር ገባ።


ማክሰኞ፣ ጥር 22።

ቀልድ የለም። አስካለ ታመምክ ወይ አለች። አዎ አልኩ።

አውቃለሁ ማን እንደሆነ። አላየሁትም፣ ግን አውቃለሁ። ፀሐይ ጅብራዋ ላይ ስትደርስ። በእጄ ነው ያሳየሁት። ከፊቱ ቆሜ፣ ሲጋራውን እያጨስኩ።


ዓርብ፣ ጥር 25።

አዴ ፋጡማ ዘንድ ሄድኩ፣ የኦቦ ሁሴን ሚስት። እንዳልሄድ ብዙ ምክንያት ፈጥሬ ነበር፤ ቱሉ ዱላውን አንስቶ ቀደመኝና አፈርኩ።

የባላባቱ ምስለኔ መጥቶ ነበር አለች። ባልሽ ከተፈረደበት መሬቱን ትለቂያለሽ፣ ሌባ ጢሰኛ አንፈልግም ብሏታል። ድሮም ለትራክተር ይፈልጉት ነበር። ከብቶቹን ወዴት ትወስዳቸዋለች? አታውቅም። ይህን ሁሉ እየነገረችኝ ወተት ቀዳችልኝ። እንደ ልማዷ ሞልታ። ከንፈሬ ድረስ አምጥቼ መለስኩት። ጾም ነው አልኳት። ዓርብ በመሆኑ ተረፍኩ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፣ አሁን ጽሕፈትም ታውቃለህ፣ ሁሴን ብዙ ጊዜ በአንተ ይኮራ ነበር፤ ማመልከቻ ጻፍልን አለች። ይኮራ ነበር። ዘበኛችን ፊደል ለየ ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቷል።

ጻፍኩ። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ በርጩማ ላይ ደግፌ። ለክቡር ዳኛ ብዬ ጀመርኩ። ሰውዬው ሐቀኛ መሆኑን፣ ጠመንጃ እንደሌለው፣ እምነቱ ያልታረደ እንደማይፈቅድ፣ ሬሳውን ቆሞ መጠበቁን። በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ ያማረ ነው። መስመሩ ዳገት አልወጣም፣ ቀጥ አለ። ቱሉ ሲነበብለት ራሱን ነቀነቀ፣ ጥሩ ነው አለ፤ ከዚያ ጨዉስ አለኝ።

አዴ ፋጡማ አላወቀችም። ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችው። የእኔን ወረቀት።

ቱሉ ያውቃል፣ ደብተሬ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።


ሰኞ፣ ጥር 28። አሰላ።

ኦቦ ሁሴንን ጣቢያ ገብቼ አየሁት። ዳቦ ይዤለት። ከሳ። ጢሙ አድጓል። ዘበኛው በቋንቋችሁ አታውሩ አለ፤ በአማርኛ አወራን።

ረቡዕ ፍ/ቤት ስትቀርብ ልናገር ነው አልኩት። ምኑን አለኝ። ታውቀዋለህ አልኩት።

ዳቦውን ቆረሰና ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። እስረኛው እኔን ያበላኛል። እንደዚህ አለ፣ ቃሉን እንዳለ ልጻፈው፦ «ተው። አንተ ካኪህን ታወልቃለህ፣ እነሱ ሌላ ዘበኛ ያመጣሉ። የማይስቅ። ከብትህን ከክልል አስወጣ ብሎ፣ እንዳልመልሰው ቆሞ የሚጠብቅ።»

ሳቅ አለ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም አቆምን። መሬትህስ አልኩት። «መሬቱማ…» አለ። ሳይጨርሰው ቀረ። ወደ ግድግዳው ዞረ። ጋቢው ትከሻው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ብርድ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያን ያህል ብርድ አልነበረም።

ስወጣ ሻ/ባሻ ደምሴን በር ላይ አገኘኋቸው። የት ነበርክ አሉኝ። ዘመድ ልጠይቅ አልኩ። እዚህ ዘመድ የለህም አሉ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርገው በመ/ቤታችን ጥሩ ስም አለህ፣ አታበላሸው አሉኝ። በአባትነት ነው የነገሩኝ። አባቴ እንዲህ ነግሮኝ አያውቅም።


ማክሰኞ፣ ጥር 29።

ለአስካለ ነገርኳት። ከጨው እስከ ቀለህ። ስጨርስ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ምስር ትለቅማለች። ጠጠሩን ወደ አንድ ጎን።

ሥራህን ያሳጡሃል አለች። አዎ። ያስሩሃልም። ይሆናል። የባላባቱን ዘመድ ስም ጠርተህ እዚህ አገር መኖር እንችላለን? አላውቅም አልኳት። በሕይወቴ አላውቅም ስል ሰምታኝ ስለማታውቅ ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ እንዲህ አለች፦ አንተ ጠጅ ቤት ስታወራ የምትናገረው ሁሉ እውነት ሆኖ አያውቅም፣ አንድ ጊዜ እውነት የሆነ ነገር ስትናገር መስማት እፈልጋለሁ። ነገ ፍ/ቤት አብሬህ እሄዳለሁ። ነጠላዬን አጥቤያለሁ።

ነጠላውን ጠዋት ነው ያጠበችው። እኔ ሳልነግራት በፊት። ዶሮው ጨው እንደማይልስማ ድሮም ታውቃለች።


ረቡዕ፣ ጥር 30። የአውራጃው ፍ/ቤት በረንዳ።

ሰው ብዙ ነው። የመሬት ሙግት፣ የድንበር ሙግት። አስካለ በግራዬ፣ ቱሉ በቀኜ። አዴ ፋጡማ ማዶ ግድግዳ ሥር፣ ማመልከቻዬን በሻርፕ ጠቅልላ ይዛለች። ሻ/ባሻው ገብተዋል። አቶ ሰይፉ የለም። ለምን ይኖራል?

በልቤ እለማመዳለሁ። ጨዉን ያኖርኩት እኔ ነኝ። ስለው አፌ ሌላ ነገር ሊጨምርበት ይፈልጋል። ሰው የሚያስቅ ነገር። ወይም ይቅር የሚያስብል ነገር፤ ይህኛው ይብሳል። አይጨመርም። ጨዉን ያኖርኩት እኔ ነኝ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ያሳየሁት ለአቶ ሰይፉ ነው፣ ቀለሁ ሻ/ባሻው ኪስ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ዝም። የሚጠይቁኝን ብቻ እመልሳለሁ።

ቱሉ ስለ ቀለሁ እኔም እመሰክራለሁ አለኝ አሁን። ጉልበቱን እያሸ።

ኦቦ ሁሴንን አመጡት። በፊታችን አለፈ። አየኝ፣ ልብሴን አየ፤ ካኪውን አልለበስኩም፣ ቤት አጥፌ ትቼዋለሁ። ገባው። ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀ። ተው ማለቱ ነው። ፖሊሱ ገፋ አደረገውና ገባ።

 ቆሜ ነው የምጽፈው። የፍ/ቤቱ ተላላኪ በር ላይ ወጥቶ በሁሴን ጉዳይ የሚናገር ሰው አለ ወይ ብሎ ጠራ።  ደግሞ ጠራ። አለ አልኩ። ስምህ ማነው አለኝ። ደብተሩን ለአስካለ ልስጣትና